ክርክር፦ «አብዛኛው ወላጅ» የሚባለው የት ነው የሚኖረው?

ሽንብጤው፦
ትናንት ማታ ባጃጅ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ «አብዛኛው ወላጅ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠቱን እንደሚደግፍ ጥናት አመለከተ» ሲባል ሰማሁ። ስንት ሰው ተጠየቀ፣ የት የት፣ ማን አስጠናው፣ ጥያቄው ምን ይላል፣ አንዱም አልተነገረም፣ ወዲያው ዘፈን። እኔ በድጋፉ አይደለም የተናደድኩት፣ ኩረጃ ይቅር ከሚሉት ነኝ። ግን እናቴን የጠየቃት የለም፣ ጎረቤቶቼንም የጠየቀ የለም። ታዲያ ይሄ «አብዛኛው» የሚሉት ወላጅ የት ነው የሚኖረው?

ዳታ ሰው፦
ወንድሜ ናሙና ማለት የአንተን እናት መጠየቅ አይደለም እኮ። ጤፍ ስትገዛ ጆንያውን ሙሉ አታይም፣ አንድ እፍኝ አይተህ ነው የምትገዛው። የሰሩትን ልጆች አውቃቸዋለሁ፣ በስልክ ነው የሰሩት፣ ሌት ተቀን ለፍተዋል። ሰው በሰራ ቁጥር ማጣጣል ልማድ ሆኖብናል። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ስልኩን ያላነሳ ወላጅ የልጁም ትምህርት ግድ አይሰጠውም።

ጣና ዳር፦
ጤፍ የሚያውቅ ሰው እኮ ክንዱን እስከ ክርኑ ሰድዶ ከጆንያው ሆድ ነው የሚያወጣው። ከላይ ከላዩማ ሁሌም ማኛ ነው። በስልክ ያገኛችሁት ከላይ ያለውን ነው።

የዘጌዋ፦
«ስልኩን ያላነሳ ወላጅ ግድ አይሰጠውም» ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። አባቴ ስልክ አያነሳም። ቡና ለቀማ ሲወጣ ስልኩን ቤት ጥሎ ነው የሚሄደው፣ ቤትም ቢሆን ኔትወርክ ያለው መስኮቱ ጋ ብቻ ነው። ታናሽ እህቴ ልትፈተን የገባች ቀን ግን በሌሊት ተነስቶ እስከ ወደቡ በእግር፣ ከዚያ በጀልባ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ብርድ ልብሷን በገመድ አስሮ በትከሻው አንጠልጥሎ እስከ ግቢው በር አደረሳት። ጥበቃው ከዚህ በኋላ ወላጅ አይገባም ሲለው ምናልባት የረሳችው ነገር ቢኖር ብሎ እስኪመሽ ዛፍ ስር ቁጭ አለ። እሱ ነው ግድ የማይሰጠው?

ዳታ ሰው፦
እህቴ ስለ አባትሽ አላልኩም፣ በአማካይ ነው ያልኩት።

የዘጌዋ፦
በአማካይ አባት የለኝም። አንድ አባት ነው ያለኝ፣ እሱም አልተጠየቀም።

መምህር ነኝ፦
ልጆች ስልኩን ለጊዜው ተዉትና ወደ ጥያቄው እንመለስ። 19 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ጥያቄ አወጣጥ መልስን እንዴት እንደሚጎትት ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በፈረንጆች 2015 ነሐሴ ላይ አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። በቀናት ልዩነት ሁለት ጥናት ወጣ። ፒዲኬ የሚባለው የመምህራን ማኅበር የሕዝብ አስተያየት ከሚያጠናው ጋሉፕ ጋር ሆኖ የሰራው ላይ 64 ከመቶው «ትምህርት ቤት ውስጥ ለፈተና የሚሰጠው ትኩረት በዝቷል» አለ። ኤዱኬሽን ኔክስት የሚባለው መጽሔት ያሰራው ላይ ደግሞ 67 ከመቶው «የፌዴራል መንግስት ተማሪ በየዓመቱ እንዲፈተን ማስገደዱ ይቀጥል» አለ። አንዱን ይዞ «አሜሪካኖች ፈተና መሮናል አሉ» ብሎ መዘገብ ይቻላል፣ ሌላውን ይዞ «ፈተናው ይቀጥል አሉ» ማለትም ይቻላል። ሁለቱም አልዋሹም፣ የጠየቁት ነገር ነው የተለያየው። ወላጅ ልጁን ከፈተና ማስቀረት ይፈቀድለት ወይ ሲባል እንኳ ይፈቀድ ያለው አንዱ ጋ 41 ከመቶ፣ ሌላው ጋ 25 ከመቶ ነው። እዚያ ግን ጥያቄዎቹ ከነቃላቸው ስለወጡ ሰው ቁጭ ብሎ አስተያይቶ መከራከር ችሏል። እኛ ጋ ርዕሱ ብቻ ነው የሚደርሰን፣ ጥያቄውን ያየ ሰው የለም።

ሽንብጤው፦
መምህር እድሜ ይስጥልኝ፣ የኔም ነገር ይሄው ነው። «ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ፈተናው በዩኒቨርሲቲ መሰጠቱን ይደግፋሉ ወይ» ብለው ከጠየቁ ኩረጃን እደግፋለሁ የሚል ማን አለ? «ልጅዎ ከቤት ርቆ ለቀናት ያለ ስልክ ማደሩን ይደግፋሉ ወይ» ብትል ያው እናት ሌላ ነው የምትመልሰው።

ፔዳ ግቢ፦
ጨዋታው ገብቶኛል፣ ጥናቱን ጥላችሁ ወደ ፈተናው ልትሄዱ ነው። የ2008 ግንቦት ተረሳ እንዴ? የእንግሊዝኛው ፈተና ቀድሞ ወጥቶ አገር አቀፍ ፈተናው የተሰረዘበት ዓመት! እኔ የዛ ዓመት ተፈታኝ ነበርኩ፣ ለፍቼ ያጠናሁት ሁሉ ውሃ በላው፣ እንደገና ሐምሌ ላይ ነው የተፈተንኩት። ግቢ መፈተን ከተጀመረ ወዲህ ማን ሰርቆ አመጣ? 2014 ላይ 3.3 ከመቶ ነበር ያለፈው፣ 2017 ላይ 8.4 ደረሰ። ስርዓቱ እየሰራ ነው።

ጣና ዳር፦
8.4 ከምን ላይ? 2015 ላይ የተፈተነው ወደ 845 ሺህ ነበር፣ 2017 ላይ ወደ 586 ሺህ ወረደ። የቀሩትን መቶኛው አያያቸውም። በዚህ በአማራ ክልል ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ታውቃለህ። ያልተፈተነ ልጅ ከመቶኛው ውጭ ነው፣ ስልኩ ያልሰራ አባት ከጥናቱ ውጭ ነው፣ ሁለቱ አባትና ልጅ ናቸው።

ፔዳ ግቢ፦
እሺ መቶኛውን ተወው፣ በሰው ቁጠር። 2015 ያለፈው 27,267 ነው፣ 2017 ግን 48,929። የተፈታኙ ቁጥር ቀንሶም ያለፈው ጨምሯል። ይሄንንስ ምን ልትለው ነው?

ጣና ዳር፦
ጨምሯል፣ እሱን አልክድም። ለጨመሩት ደስ ይለኛል። ግን ስለ ቀሩት ስጠይቅህ ስለ ጨመሩት ነው የመለስክልኝ።

ዳታ ሰው፦
ከርዕስ ወጣችሁ። ስልክ የማይሆን ከሆነ በምን ይሰራ? ቤት ለቤት የሚዞርበትን ብር ማን ይከፍላል?

መምህር ነኝ፦
አቅም ካነሰ አነሰ ይባላል፣ ያን ያህል ከባድ አይደለም። በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር እዚሁ አገር ቤት ለቤት ዞሮ ወደ 2,400 ሰው ጠይቆ እንኳ ውጤቱን የሚናገረው ሲደመር ሲቀነስ 2 ነጥብ ብሎ፣ መቼ እንደጠየቀ ጽፎ ነው። እናንተም «በስልክ ነው፣ የተጠየቁት ይሄን ያህል ናቸው፣ ያላነሱት ይሄን ያህል ናቸው» በሉ። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ አንድ ዓመት ሊሞላ እስኪቃረብ የሞባይል ኢንተርኔት በተዘጋበት ክልል ማን ያነሳል ማን አያነሳም የሚለው ትንሽ ነገር አይደለም።

ታብሌት ተሸካሚ፦
እኔ ቤት ለቤት ሰብስቤ አውቃለሁ፣ እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ዘንዘልማ አካባቢ አንዲት እናት ቡና እየቆሉ ነው ያገኘኋቸው። ከጢሱ ራቅ በል ልጄ ብለው ዱካ ሰጡኝ። ፈተናው ላይ ያለዎት አስተያየት ምንድነው፣ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልስማማም ብዬ አነበብኩላቸው። ማንኪሻውን አቁመው ታብሌቱን አዩ፣ አንገቴ ላይ ያለውን ባጅ አዩ፣ «የትኛው ነው ለአንተ የሚሻለው ልጄ? እሱን ጻፍልኝ» አሉኝ። የራስዎን ነው እማማ ብላቸው «እንግዲህ ጥሩ ነው በል፣ ምን ይባላል» አሉ። «በጣም እስማማለሁ» የምትለዋን ነካሁ፣ «ምን ይባላል» የሚል ሳጥን አልነበረም። ቡናውን ሲያቀርቡ ነው ልጃቸው ሁለት ጊዜ ተፈትኖ እንዳልመጣለት፣ አሁን ባሕር ዳር የቀን ሥራ ላይ እንዳለ ያወሩኝ። እሱን የምጽፍበት ቦታ ታብሌቱ ላይ የለም። ዜናውን ስሰማ እሳቸው ናቸው ትዝ ያሉኝ፣ የእኔም እጅ አለበት ብዬ ከብዶኛል።

የዘጌዋ፦
ይሄን መጻፍህ ትልቅ ነገር ነው፣ እግዜር ይስጥህ።

ፔዳ ግቢ፦
አንድ እናት ጥናት አይሆኑም።

የዘጌዋ፦
አንድ ዜናም «አብዛኛው ወላጅ» አይሆንም።

ዳታ ሰው፦
እናንተ ጋ ሁሉም ነገር ስድብ ነው። ልጆቹ ለሚዲያ የላኩት አራት ገጽ ነው፣ ጋዜጠኛው ከአራቱ ገጽ አንድ አረፍተ ነገር ቢያነብ ጥፋቱ የነሱ ነው?

ሽንብጤው፦
የመጀመሪያው አረፍተ ነገር ምን ይላል?

ዳታ ሰው፦
ያው «አብዛኛው ወላጅ ይደግፋል» ነው የሚለው።

ሽንብጤው፦
ስንት ሰው እንዳላነሳስ?

ዳታ ሰው፦
አራተኛው ገጽ ላይ ከግርጌ አለ።

መምህር ነኝ፦
እንግዲያው ጋዜጠኛው ብቻውን አይደለማ።

ሽንብጤው፦
አራቱንም ገጽ እዚህ ለጥፍልን ወንድሜ፣ ጥያቄዎቹን ጨምረህ። እናቴም ታንብበው፣ የዘጌው አባትም በመስኮቱ በኩል ኔትወርክ ሲመጣ ይነበብላቸው።

ዳታ ሰው፦
ልጆቹን ሳልጠይቅ አልለጥፍም። ደግሞ አባትየው ስልክ አያነሱም ተብሏል።

የዘጌዋ፦
እኔ አነብላቸዋለሁ። «ግድ አይሰጠውም» ያልከውንም አብሬ አነብላቸዋለሁ፣ እስካሁን አላነሳኸውም።