ራዲየስ ሰርቨሩ «አይገባም» ያለውን ሰው ሌላ ሰው መሃል ገብቶ ሊያስገባው ይችላል?

ጀማሪ አድሚን፦
ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤታችን ፍሪራዲየስ (ማን ኔትወርኩ ውስጥ መግባት እንደሚችል የሚወስን የራዲየስ ሰርቨር ሶፍትዌር) ይጠቀማል። ሠራተኛው ዋይፋይ የሚገባው በፒኢኤፒ (ማረጋገጫውን በቲኤልኤስ ምስጠራ ውስጥ በሚያካሂድ የኢኤፒ ዓይነት) ነው። ቪፒኤኑና የስዊች አድሚኖቹ ግን በፓፕ (ያለ ኢኤፒ ፓስወርዱን ራሱን ለሰርቨሩ በሚልክ ዘዴ) ነው የሚረጋገጡት። ሰሞኑን የፈተሹን ባለሙያዎች «ለብላስት ራዲየስ ተጋልጣችኋል» ብለው ጻፉልን፤ ማብራሪያ የለውም። ሼርድ ሲክሬታችን (ሰርቨሩና መሣሪያዎቹ የሚጋሩት ሚስጥራዊ ቃል) ረጅም ነው፣ አይበቃም ወይ? የሁሉንም ፓስወርድ ላስቀይር? የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

ፓኬት አንባቢ፦
ወንድሜ፣ ሲክሬቱ የቱንም ያህል ቢረዝም እዚህ ላይ አያድንህም። በ2024 ይፋ የሆነው ይህ ክፍተት (ሲቪኢ-2024-3596) የሚነሳው ራዲየስ መልሱን በኤምዲ5 (የዳታ አሻራ በሚያሰላ የቆየ ዘዴ) ስለሚፈርም ነው። ኤምዲ5 ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የተሰበረ ነው።

አጥቂው በስዊቹና በሰርቨሩ መካከል ይቀመጣል። የማይሆን ፓስወርድ አስገብቶ ይሞክራል። ጥያቄው ሲያልፍ ሰርቨሩ መልሱ ላይ እንዳለ የሚመልሰውን ፕሮክሲ ስቴት የሚባል መስክ ራሱ ባሰላው ዳታ ይሞላዋል። ሰርቨሩ «አክሰስ ሪጀክት» (አይገባም) ብሎ ይመልሳል። አጥቂው የዚያን መልስ ፊርማ ወስዶ ራሱ ያዘጋጀው «አክሰስ አክሰፕት» (ይግባ) ላይ ያደርገዋል። ስዊቹ ሲያሰላው ልክ ይመጣለታል፣ ያስገባዋል። የአድሚን መብት ጭምር ሊያስጨምርበት ይችላል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ፓስወርድም ሲክሬትም በዚህ መንገድ አይሰረቅም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ፓስወርድ ይቀይር ብለህ አታስቸግር።

ገመድ አልባ፦
ዋይፋይህ ለዚህ ጥቃት አይጋለጥም። ኢኤፒ ሲሆን ሜሴጅ ኦተንቲኬተር (መልእክቱ እንዳልተነካ በሲክሬቱ የሚያረጋግጥ ተጨማሪ ፊርማ) ግዴታ ነው። ነገር ግን የፍሪራዲየስ ቨርዥንህን እይ። ከ3.0.14 በፊት የነበሩት ሌላ ክፍተት አለባቸው፦ ማረጋገጫውን ያልጨረሰ ሰው የቲኤልኤስ ሴሽኑን እንደገና በመቀጠል ብቻ ይገባ ነበር።

ሎግ ጠባቂ፦
መፍትሔው ሰርቨሩን ወደ 3.2.5 ወይም ከዚያ በላይ ማሳደግ ነው። ከዚያ በክላየንቶች ፋይል ውስጥ ለእያንዳንዱ መሣሪያ «ሪኳየር ሜሴጅ ኦተንቲኬተር»ን «የስ» አድርገው። የስዊቾቹንና የቪፒኤኑን ፈርምዌርም አድስ፣ እነሱም መልሱ ላይ እንዲጠይቁት አድርግ። አንዱን ጎን ብቻ አስተካክሎ መተው አይሆንም።

ጀማሪ አድሚን፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰርቨሩ ታድሷል። አንድ አሮጌ ስዊች ግን ሜሴጅ ኦተንቲኬተር ጭራሽ አይልክም፣ «የስ» ሳደርገው መግባት አቃተን። አዲስ ፈርምዌርም የለውም።

ሎግ ጠባቂ፦
ለእሱ ብቻ «ኖ» አድርገውና «ሊሚት ፕሮክሲ ስቴት»ን «የስ» በለው። ያኔ ፕሮክሲ ስቴት ይዞ ያለ ሜሴጅ ኦተንቲኬተር የመጣውን ጥያቄ ሰርቨሩ ይጥለዋል። የራዲየስ ትራፊኩንም ሠራተኛው ከሚጠቀምበት ኔትወርክ አውጥተህ ለብቻው ቪላን (በስዊች ላይ ተለይቶ የሚከፈል ኔትወርክ) ውስጥ አስገባው። በሌላ ሕንፃ በኩል የሚያልፍ ከሆነ በአይፒሴክ (ትራፊክን በሚመሰጥር ዘዴ) ሸፍነው። ሌሎቹ ስዊቾች ራድሴክ (የተመሰጠረ ራዲየስ) የሚችሉ ከሆነ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደዚያ አዙራቸው፤ በቲኤልኤስ ነው የሚሄደው፣ ፖርቱ 2083 ነው።

ገመድ አልባ፦
ስዊቾቹን ስትነካ ኮንሶል ኬብል ይዘህ፣ የሎካል አካውንቱ መሥራቱን አስቀድመህ አረጋግጥ። አለዚያ ራዲየሱ እምቢ ቢል በሌላ በኩል መግቢያ አይኖርህም።