ኢጎር ቲያጎ ከብራዚል በቀጥታ እንግሊዝ ያልገባው ለምንድን ነው?

ናቲ ንቦቹ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የብሬንትፎርዱ ኢጎር ቲያጎ ኤቨርተን ላይ ሃትሪክ (ሦስት ጎል) ሠርቶ፣ በሦስተኛው ቀን ሰንደርላንድ ላይ ሁለት ጨምሮ 16 ጎል ደረሰ። ገና የ2026 (በፈረንጅ) ጥር ወር ሳይጋመስ ነው ይህ። በአንድ የውድድር ዓመት ከ15 በላይ ያስቆጠረ ብራዚላዊ በፕሪሚየር ሊጉ አልነበረም፤ ፊርሚኖም፣ ማርቲኔሊም፣ ማቲየስ ኩኛም 15 ላይ ነው የቆሙት።

ያልገባኝ የመጣበት መንገድ ነው። ክሩዜሮን በሚያህል ክለብ የነበረ ልጅ ቡልጋሪያ ምን ሊሠራ ሄደ? እንግሊዞቹስ ያኔ በርካሽ ለምን አልወሰዱትም? አምና ተገዝቶ መጥቶስ የት ጠፍቶ ነበር? ፔናሊቲውን ቀንሱለትና እንየው የሚሉም አሉ። ፋንታሲ (በምናብ ቡድን የሚሠራበት የነጥብ ጨዋታ) ላይ ልያዘው ወይ የሚለውም አለ፣ እሱ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

የዝውውር ደብተር

«ክሩዜሮን የሚያህል» ያልከው የዚያን ጊዜው ክሩዜሮ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ክለቡ በ2019 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሁለተኛው ሊግ፣ ወደ ሴሪ ቢ ወረደ። የ2020ን ውድድር ደግሞ ባልከፈለው የዝውውር ዕዳ በፊፋ ውሳኔ 6 ነጥብ ተቀንሶበት ጀመረ። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያው ሴሪ ቢ ቆየ። ቲያጎ የ2001 ልጅ ነው፤ ወደ ዋናው ቡድን ያደገው በዚያው በ2020 ነው። ደሞዝ የሚበሉ ትልልቅ ተጫዋቾች ሲሸኙ ወጣቶቹ ዕድል አገኙ፤ እንጂ ያኔ ጎል የሚያዘንብ አጥቂ አልነበረም። በ2021 መገባደጃ የቀድሞው ብራዚላዊ አጥቂ ሮናልዶ ናዛሪዮ ክለቡን ለመግዛት ተስማማ፣ በ2022 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ልጁ ለቡልጋሪያው ሉዶጎሬትስ ተሸጠ። ዕዳ አንገቱ የደረሰ ክለብ ወጣቱን ሦስት ዓመት አቆይቶ በውድ ልሽጥ አይልም።

እንግሊዝ ለምን አልወሰደችውም ላልከው፣ ብትፈልግም መውሰድ አትችልም ነበር። ከብሬግዚት (እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች) በኋላ፣ ከጥር 2021 ጀምሮ፣ ማንኛውም የውጭ ተጫዋች የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የሚሰጠውን ማረጋገጫ ለማግኘት 15 ነጥብ መሙላት አለበት። ነጥቡ የሚሰበሰበው እንዲህ ነው፦

ለዋናው ብሔራዊ ቡድን የተጫወተበት መጠን ይታያል። አገሩ በፊፋ ደረጃ ከ1 እስከ 10 ውስጥ ካለ ከጨዋታዎቹ 30 ከመቶውን መሰለፍ በራሱ በቂ ነው፤ ከ11 እስከ 20 ከሆነ 40፣ ከ21 እስከ 30 ከሆነ 60፣ ከ31 እስከ 50 ከሆነ 70 ከመቶ ይፈለጋል። ከ50 በታች ያለ አገር ተጫዋች በዚህ መስመር ብቻ ማለፍ አይችልም። ይህን ያላሟላ ሰው በሊግ ውስጥ የተሰለፈባቸው ደቂቃዎች፣ የአህጉራዊ ውድድር ደቂቃዎች፣ ክለቡ ሊጉን የጨረሰበት ደረጃ፣ በአህጉራዊ ውድድር የሄደበት ርቀት እና የሊጉ ጥራት ይደመሩለታል። ሊጎቹ በስድስት እርከን ተከፍለዋል። ደንቡ ሲጀመር በወጣው ሠንጠረዥ ሁለተኛው እርከን ውስጥ ፖርቱጋል፣ ኔዘርላንድስ፣ ቤልጅየም፣ ቱርክ እና የእንግሊዝ ቻምፒዮንሺፕ አሉ። በዚያ እርከን ሊግ የሚጫወት ክለብ ውስጥ መሆን ብቻውን 10 ነጥብ ነው፤ ከሊጉ ደቂቃዎች 90 ከመቶውን መሰለፍ ሌላ 10። በቃ፣ 15 አለፈ።

አሁን ሂሳቡን በ2021ዱ ቲያጎ ላይ ሥራው። ብሔራዊ ቡድን ዜሮ፣ አህጉራዊ ውድድር ዜሮ፣ የብራዚል ሴሪ ቢ ደግሞ ከታችኞቹ እርከኖች ነው። ከ10 እስከ 14 ያገኘ ለልዩ ኮሚቴ አቤት ማለት ይችላል፤ እሱ ግን እዚያም አይደርስም ነበር።

በ2023ቱ ክረምት ከሉዶጎሬትስ ወደ ቤልጅየሙ ክለብ ብሩጅ ሲገባ ግን ጉዳዩ በአንድ ዓመት ተፈታ፦ ሁለተኛ እርከን ሊግ፣ መደበኛ ተሰላፊ፣ የሊጉ ሻምፒዮንነት፣ የኮንፈረንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ (በፊዮረንቲና ወድቀዋል)፣ በሁሉም ውድድር 29 ጎል። ብሬንትፎርድ በየካቲት 2024 በ30 ሚሊዮን ፓውንድ ተስማምቶ ለሐምሌ አስመጣው፤ በጊዜው የክለቡ የዝውውር ክብረ ወሰን ነበር።

ቡልጋሪያን አትናቋት። ሉዶጎሬትስ ከ2012 እስከ 2025 ሊጉን ማንንም አላስነካም፣ ስለዚህ በየክረምቱ የአውሮፓ ማጣሪያ ይጫወታል። ቲያጎ በነበረበት በ2022/23 በዩሮፓ ሊግ ምድቡ ውስጥ ሮማና ቤቲስ ነበሩ። የብሩጅ መልማይ ልጁን ሮማ ላይ ካየው፣ ለሴሪ ቢ ቪዲዮ የሚሰጠውን ግምት አይሰጠውም።

ሸገር ደርቢ

ላይ ያለው ጥሩ ማብራሪያ ነው፣ ግን በቀጥታ የሚገባም አለ። ገብርኤል ጄሱስ ከፓልሜራስ ቀጥታ ሲቲ ነው የገባው። ሪቻርሊሰንም ከፍሉሚኔንሴ ቀጥታ ዋትፎርድ። ኤስቴቫኦም ከፓልሜራስ ቀጥታ ቼልሲ።

የዝውውር ደብተር

ጄሱስና ሪቻርሊሰን ከብሬግዚት በፊት ናቸው፣ ደንቡ ሌላ ነበር። ኤስቴቫኦ በብራዚል ሴሪ ኤ ቋሚ ሆኖ፣ በኮፓ ሊቤርታዶሬስ (በደቡብ አሜሪካ የክለቦች ዋንጫ) ተጫውቶ፣ ለብራዚል ዋና ቡድንም ተሰልፎ ነው የመጣው፤ እንዲያም ሆኖ የዝውውር ስምምነቱ በ2024 ተጠናቆ እስከ 2025 ክረምት ጠብቋል፣ ምክንያቱም የፊፋ አንቀጽ 19 ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ከአገር አገር ማዛወር ይከለክላል። ኤንድሪክም እንዲሁ ነው፦ ከሪያል ማድሪድ ጋር ታኅሣሥ 2022 ተስማምተው የሄደው ሐምሌ 2024፣ 18 በሞላበት ወር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ 16 የሞላው ይዛወራል የሚለው ልዩ ሁኔታ ለብራዚል ልጅ አይሠራም።

ነገሩ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግህ አንድሬይ ሳንቶስን ተመልከት (አማካይ ነው፣ ግን ደንቡ አንድ ነው)። ቼልሲ በጥር 2023 ገዛው፣ የሥራ ፈቃዱ አልሳካ ሲል መልሶ ለብራዚሉ ክለቡ ለቫስኮ በውሰት ላከው። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ተጫዋቹ የለም። ከዚያ በኋላ፣ ከሰኔ 2023 ጀምሮ፣ ነጥብ ላልሞሉ ተጫዋቾች ለአንድ ክለብ እስከ 4 ቦታ የሚፈቅድ ማሻሻያ መጣ፤ ግን ቦታው የሚገኘው ለእንግሊዛውያን በተሰጠው የመሰለፊያ ደቂቃ ልክ ነው። አራቱንም ለማግኘት 35 ከመቶ ይጠይቃል።

ለዚህ ነው ብራዚላውያን አጥቂዎች ዙሪያ ጥምጥም የሚመጡት። ኩኛ በብራዚል ክለብ ዋና ቡድን ሳይሰለፍ ከኮሪቲባ ወጣት ቡድን ወደ ስዊዘርላንዱ ሲዮን፣ ከዚያ ላይፕዚግ፣ ሄርታ በርሊን፣ አትሌቲኮ፣ ዎልቭስ፣ ዩናይትድ። ኤቫኒልሰን በፖርቶ በኩል በርንማውዝ ገባ። ፊርሚኖማ ከብሬግዚት በፊትም ቢሆን በሆፈንሃይም በኩል ነው።

ወጌሻው

«አምና የት ነበር» ለሚለው፦ ጉልበቱ ላይ። ሐምሌ 2024፣ ገና ለቅድመ ዝግጅት ከኤኤፍሲ ዊምብልደን ጋር ሲጫወቱ ሜኒስከሱን ተጎዳ፣ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሜኒስከስ በጭንና በቅልጥም አጥንት መሀል ጫና የሚያከፋፍል የጨረቃ ቅርጽ ያለው ልም (ለስላሳ) አጥንት ነው። ሐኪሙ ሁለት ምርጫ አለው። የተቀደደውን ክፍል ቆርጦ ማውጣት፣ ተጫዋቹ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይመለሳል፣ ነገር ግን አጥንት ላይ የሚያርፈው ጫና ስለሚጨምር ከዓመታት በኋላ ጉልበቱ ይበላል። ወይም መስፋት፣ ከ4 እስከ 6 ወር ይወስዳል፣ ሜኒስከሱ ግን ይተርፋል። መስፋት የሚያዋጣው ቀደዳው ደም በሚደርስበት በውጨኛው ሦስተኛ እጅ ሲሆን ነው፤ የውስጠኛው ክፍል ደም ስለማይደርሰው አይገጥምም። ብሬንትፎርድ ያኔውኑ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይርቃል ማለቱ ከሁለተኛው መንገድ ጋር የሚሄድ ጊዜ ነው።

ሰው የሚረሳው ሁለተኛውን ነው። ወደ 2024 መገባደጃ ተመልሶ ጥቂት ተሰለፈ፣ ከዚያ ጉልበት መገጣጠሚያው ውስጥ ኢንፌክሽን ገባ። ይህ ከመጀመሪያው ጉዳት የሚከፋበት ጊዜ አለ። መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ባክቴሪያና እሱን የሚዋጋው የሰውነት ኬሚካል ልም አጥንቱን በቀናት ውስጥ ሊበሉት ይችላሉ፤ የተበላ ልም አጥንት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ጉልበት ካበጠ፣ ከጋለና ትኩሳት ከመጣ በረዶ ይዞ ቤት መቀመጥ የለም፤ በመርፌ ፈሳሹ ተቀድቶ ይመረመራል፣ ውስጡ ይታጠባል፣ አንቲባዮቲኩም ለሳምንታት ይቀጥላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የጭን ጡንቻ ይሟሽሻል። አብዛኛው ባለሙያ የተጎዳው እግር ኃይል የጤነኛውን ቢያንስ 90 ከመቶ ሳይደርስ ሜዳ አይመልስም። እሱም የመጀመሪያ ዓመቱን በሊጉ ያለ አንድ ጎል ጨረሰ። ኪሳራ ነው ብለው የጻፉ ብዙ ነበሩ።

ሰላም ከአዋሳ

የገንዘቡ ነገር ነው እኔን የሚገርመኝ። ክሩዜሮ ከዚያ 30 ሚሊዮን ሳንቲም አግኝቷል?

የዝውውር ደብተር

አዎ፣ በደንብ ነው። ተጫዋች ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር በተሸጠ ቁጥር ከዋጋው 5 ከመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው እያንዳንዱ የውድድር ዓመት ከጠቅላላ ዋጋው 0.25 ከመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ለእያንዳንዱ 0.5 ከመቶ። በ30 ሚሊዮን ፓውንድ ላይ የመጀመሪያው 75 ሺህ፣ ሁለተኛው 150 ሺህ ነው። ክሩዜሮ 2020ንና 2021ን ብቻ ብንቆጥርለት 300 ሺህ ፓውንድ ማለት ነው። ከክሩዜሮ በፊት የያዘው የፓራና ግዛቷ ትንሽ ክለብ ቬሬም ለያዘበት ጊዜ ይደርሰዋል። ለዚያ ዓይነት ክለብ ይህ የዓመት በጀት ሊሆን ይችላል።

ልብ በሉ፣ ገንዘቡ የሚቆረጠው ሻጩ ከሚያገኘው ነው እንጂ በላዩ የሚጨመር አይደለም፤ ሁለቱ ክለቦች ሌላ ከተስማሙ ግን ገዢው ይሸከመዋል። በጋዜጣ የሚወጣው ዋጋና ሻጩ እጅ የሚገባው የማይገጥሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እኛም አገር ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ከኅዳር 2022 ወዲህ ክፍያው በፊፋ ክሊሪንግ ሃውስ (የክፍያ ማዕከል) በኩል ነው የሚያልፈው፤ የሚታየውም የተጫዋቹ ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት (የተመዘገበባቸው ክለቦች ዝርዝር) ነው። ልጁ በ13 ዓመቱ በእናንተ ክለብ በፌዴሬሽኑ ሥርዓት ካልተመዘገበ፣ በሥልጠና ሜዳ የተነሳ ፎቶ ማስረጃ አይሆንም። ፓስፖርቱ ለግምገማ ክፍት በሚሆንበት ጊዜ ያልታየ ስም በኋላ ማስገባት ከባድ ነው። ስሙና የልደት ቀኑ በሁለት መዝገብ ሁለት ዓይነት ተጽፎ መገኘትም ሌላው ጣጣ ነው፤ የእኛ ስም በላቲን ፊደል በአምስት ዓይነት ይጻፋል፣ ዓመቱም ከእኛ ወደ ፈረንጅ ሲዞር ይዛባል።

የቀድሞ በረኛ

የፔናሊቲውን ክርክር እኔ ልመልስ፣ ሪጎሬ የእኔ ጉዳይ ስለሆነ። ኤቨርተን ላይ 3፣ ሰንደርላንድ ላይ 2፣ ማንችስተር ዩናይትድ ላይ 2፤ እነዚህ ሰባቱ ከጨዋታ የመጡ ናቸው። የዩናይትዱን የመጀመሪያ ጎል መልሳችሁ እዩት፦ ሄንደርሰን ከኋላ በረጅሙ ሲልክ ቲያጎ ከተከላካዩ ትከሻ ጎን ቆሞ ኳሱ ከእግር እስኪወጣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይነሳል። ቀድሞ ቢነሳ ከጨዋታ ውጪ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በረኛው የተፋውን ኳስ መግፋት ብቻ ነው፤ ግን እዚያ መገኘት አለብህ።

ፔናሊቲውን የሚመታው በረኛውን እያየ ነው። ቀስ ብሎ ይመጣል፣ በረኛው ቀድሞ ከወደቀ በተቃራኒው ያስገባል። የዚህ አመታት ችግር በረኛው ሳይንቀሳቀስ ከቆመ መቺው በመጨረሻው እርምጃ ፍጥነትም ኃይልም አይኖረውም። ብራይተን ላይ የመጀመሪያውን አስገብቶ፣ በጭማሪ ሰዓት የተሰጠውን ሁለተኛውን በረኛው ቬርብሩገን አዳነበት፤ ብራይተን 2 ለ 1 አሸነፈ። በአንድ ጨዋታ ያንኑ በረኛ ሁለት ጊዜ መግጠም ለዚህ ዓይነት መቺ ከባድ ነው።

ለእኔ ትልቁ ሥራው ግን ጎል አይደለም። 1 ሜትር ከ91 ነው። በረኛው ኬሌሄር በረጅሙ ሲለጋ በደረቱ አውርዶ ለዳምስጎርድ ወይም ለሻዴ ያቀብላል፤ ካዮዴ በእጁ ረጅም ሲወረውር ትልቁን ተከላካይ ይዞ ይሄዳል። አጥቂዎቹ ምቤሞና ዊሳ በአንድ ክረምት ሲሸጡ፣ አሠልጣኙ ቶማስ ፍራንክም ወደ ቶተንሃም ሲሄድ ብሬንትፎርድ ይወርዳል የተባለው እነዚህን ኳሶች ማን ይይዛል በሚል ነበር። ተተኪው አሠልጣኝ ኪት አንድሪውስ መልሱን ቤት ውስጥ አገኘው።

ናቲ ንቦቹ

እጅግ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ወጌሻው፣ ያ ጉልበት አሁን ያሰጋል ትላለህ?

ወጌሻው

የተሰፋ ሜኒስከስ እንደገና የሚቀደድበት ዕድል ዜሮ አይሆንም፤ ግን በየሳምንቱ 90 ደቂቃ እየጨረሰ ነው፣ ያ ጥሩ ምልክት ነው። እኔ የምፈራው በሦስት ቀን ልዩነት የሚደራረቡ ጨዋታዎችን ነው። ከጨዋታ ማግስት ጉልበቱ ካበጠ አሠልጣኙ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፣ አንተም ዜናውን የምታየው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው።

የቀድሞ በረኛ

ፋንታሲው ቀላል ነው። ፔናሊቲ መቺ ነው፣ ቋሚ ነው፣ ከኋላው የሚፎካከረው የለም። ያዘው። ወጌሻው ባለው ምክንያት ግን የመጀመሪያው ተቀያሪህ የሚሰለፍ ሰው ይሁን፣ አራት ሚሊዮን ብሎ የገዛኸው የማይሰለፍ ተከላካይ አይሁን።