ስሜት ሳይመጣ ድርሰት ይጻፋል?

ሰንበሌጥ፦ ትናንት አንዱ አባላችን «ስሜቱ ሳይመጣ የተጻፈ ድርሰት ውሸት ነው» ብሎ ነበር። እኔ አልስማማም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሜት ስጠብቅ አንድ አጭር ልብወለድ እንኳ አልጨረስኩም። ያሉኝ መጀመሪያዎች ብቻ ናቸው።

ደጀሰላም፦ ቅኔ ቤት፣ የግዕዝ ቅኔ ከሚማሩበት የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት፣ የገባ ሰው ለዚህ መልስ አለው። ተማሪው ሙዱ መጣ አልመጣ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል። ጥግ ይዞ ቃል ሲያገላብጥ ይቆይና የኔታ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል፣ በነጋታው ደግሞ ሌላ። ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ ሁለት ስንኝ ቅኔ ተነስቶ መወድስ የሚባለው ባለ ስምንት ስንኝ ላይ የሚደርሰው እንዲህ ነው።

የጣና ልጅ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ደራሲውን በዓሉ ግርማን ውሰዱት። ልብወለዱ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ሲታተም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ባለሥልጣን ነበር። መጽሐፉ ታገደ፣ እሱ ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ውስጡን የሚያቃጥለው ነገር ባይኖር ደሞዙን እየበላ ዝም አይልም ነበር?

ሰንበሌጥ፦ በዓሉ እኮ ጋዜጠኛ ነው! መነን መጽሔትን አዘጋጅቷል፣ አዲስ ዘመንንም። ጋዜጣ ስሜት አይጠብቅም፣ ሰዓቱ ሲደርስ ገጹ መሙላት አለበት። ልቡ ነዷል፣ እሺ፤ ያንን እሳት ሰው የሚያነበው ታሪክ ያደረገለት ግን የዓመታት የእጅ ልማድ ይመስለኛል።

እንጎቻ፦ ስሜት ሲበዛስ? እናቴ ባረፈች ሰሞን እያለቀስኩ ግጥም ጻፍኩ። ከዓመት በኋላ ሳነበው እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት፣ እሷ የለችም። እንባዬን ሁሉ አወጣሁና በጥቁር ክር የጠገነችውን መነጽሯን አስገባሁ፣ ጋዜጣ ስታነብ በአንድ እጇ ደግፋ የምትይዘውን። ያኔ እህቴ አንብባው አለቀሰች፣ እኔ ስጽፈው ግን አላለቀስኩም።

የጣና ልጅ፦ ነፍሷን ይማርልሽ። ግን ከዓመት በኋላ ወደዚያ ግጥም ምን መለሰሽ? ስሜት የምለው እኔ እሱን ነው። የእጅ ልማድ ብቻ ቢሆን ጥለሽው ሌላ ትጽፊ ነበር።

እንጎቻ፦ እውነትህን ነው፣ መጣል አልቻልኩም። ሰባት ጊዜ ነው የጻፍኩት።

ሰንበሌጥ፦ እንደዚህ ከሆነ እቀበላለሁ። ሰባት ጊዜ ቁጭ አድርጎ የሚያስጽፍ ስሜት ሌላ ነው፣ ቁጭ ብለው የሚጠብቁት ሌላ። የጣና ልጅ፣ ትናንት ያልከው ግን ሁለተኛውን ነበር፣ እሱን አሁንም አልቀበልህም።