እናቴ «ኦፕራሲዮኑ ይቅር፣ ጠበል እገባለሁ» አለች፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (የኮተቤዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት፣ ኪኒን ትወስዳለች። የሐሞት ጠጠር ተገኝቶባት ለሚቀጥለው ሐሙስ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተይዞላታል። ጎረቤታችን ዓምና ኦፕራሲዮን ሆና ቁስሏ መግሎ ሁለት ወር ስትሠቃይ ስላየች ግን «አንዱን በሽታ ይዤ ገብቼ ሌላ ተሸክሜ ልወጣ? ሁለት ሱባኤ ጠበል እገባለሁ» ብላ ቁርጥ አድርጋለች። እምነቷን መጋፋት አልፈልግም። ቀጠሮውን ላራዝመው? ከገባችስ እንዴት ልጠብቃት?

መልስ (ሲስተር፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል)፦
እህቴ፣ እናትሽ የፈሩት ያለ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት እንደ እኛ ባሉ አገሮች ሆስፒታል ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሰዎች 15ቱን ያህል እዚያው ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል፤ በሀብታሞቹም አገር 7 ናቸው። ስለዚህ «ምንም አይሆኑም» ብለሽ አትሸንግያቸው፤ ይልቅ አብረሽ ጠብቂያቸው።

መጀመሪያ ስኳራቸውን አስለኪ። ከፍ ካለ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ለመመገልም ይቀርባል። በዋዜማው ገላቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ሆዳቸውን ግን ቤት ውስጥ በምላጭ እንዳትላጪ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ የምላጩ ጭረት ለጀርም በር ይከፍታል። ስማቸውንና የሚታከሙትን ነገር ደጋግመው ቢጠይቋቸው አይቆጡ፤ ሰው እንዳይሳሳት ተብሎ የተሠራ ሥርዓት ነው። አስታማሚ ስትሆኚ ደግሞ ቁስሉን ሊነካ የመጣ ሁሉ፣ ዶክተሩም ቢሆን፣ እጁን መታጠቡን ወይም አልኮል መቀባቱን እዪ፤ ካልሆነ በትሕትና ጠይቂ። ነውር አይደለም። ጠያቂ ዘመድም አልጋው ላይ አይቀመጥ (ይቀየሙሻል፣ ቻይው)።

መልስ (ዲያቆን ነኝ)፦
በሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምንም የፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር እንደሆነ ተጽፏል። አቡነ ጳውሎስም በፓትርያርክነት ዘመናቸው የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበል ጋር እንዲወስዱ መክረዋል። አንቺ ከምትከራከሪያቸው የንስሐ አባታቸውን ጥሪ፤ እሳቸው «ግቢ» ካሉ ነገሩ አለቀ። ሱባኤው ከዳኑ በኋላም ይደርሳል።

መልስ (ያየሁት)፦
ስኳር ያለበት ሰው ጠበል ሲገባ ተጠንቀቁ። አባቴ ኪኒኑን ጠዋት ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ስኳሩ ወርዶ ወደቀ። እኛ መንፈስ ነው ብለን ቆመን ስናይ አንዲት ሴት ናት ሮጣ ስኳር በጥብጣ ያጠጣችው።

መልስ (ተስፋ)፦
እኔ ጠጠር አለሽ ከተባልኩ 4 ዓመት ሆነኝ፤ ጠበሌን እጠጣለሁ፣ ደህና ነኝ። ለምን ታስቸኩሏቸዋላችሁ?

መልስ (ሲስተር)፦
ተስፋ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የማያም ጠጠር ዝም ብሎ ሊኖር ይችላል። የኮተቤዋ፣ ይቆይ አይቆይ የሚለውን ግን ሐኪማቸው ይንገርሽ። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከሆድ ሕመም ጋር ከመጣ፣ ሱባኤ አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ይዘሻቸው ውጪ።

መልስ (ሰመመን ሰጪ)፦
ሰው የሚደብቀንን ልንገራችሁ። ጠበልም ውሃ ነው! የኦፕራሲዮኑ ዕለት ጠዋት ተሸሽገው የሚጠጡ አሉ፤ ሆድ ውስጥ ያለው በሰመመን ጊዜ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ምግብ ከሰመመኑ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ውሃ 2 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል፤ የእናንተ ሆስፒታል ቀድማችሁ አቁሙ ካለ እሱን ስሙ። ጠዋት ከፈለጉ ፊታቸው ላይ ይረጩላቸው። እምነትም (የተባረከውን አመድ) ግንባራቸውን ይቀቡ እንጂ ቁስሉ ላይ እንዳይነካ። የአንገት መስቀል ብረት ከሆነ ይወልቃል፣ በኤሌክትሪክ ስለምንሠራ ሊያቃጥል ይችላል። የስኳሩን ኪኒን በዚያ ቀን ይውሰዱ አይውሰዱ ከዋዜማው ጠይቂ።

የኮተቤዋ፦
ኑሩልኝ። ሐኪሟ ማራዘሙን አልወደደውም፤ ሕመሙ እየተመላለሰባት ስለሆነ። የንስሐ አባቷ ረቡዕ ማታ መጥተው ጸሎት ሊያደርሱላት ነው፤ እሳቸው ከተናገሯት ወዲህ ኦፕራሲዮኑን አታነሣም። ጭቅጭቁ አሁን በመስቀሏ ነው። እኔ አንገቴ ላይ አድርጌው በሩ ላይ እንድቆም አዝዛኛለች፤ «እንዳትቀመጪ» ብላኛለች።