ትንሿ ወይስ ትልቁ? ሁለት ያገለገሉ ባለሸራ ጀልባዎች

ጠያቂዋ፦ ሁለት ያገለገሉ ጀልባዎች አግኝተናል። አንዷ 8.5 ሜትር ናት። ሞተሯ ከተቀየረ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሸራዎቿም ደኅና ናቸው። ሌላው 11 ሜትር ነው። ካቢኑ ሰፊ ነው፣ ቀና ብለው ይሄዱበታል። ግን ምሰሶውን ወጥረው የሚይዙት የብረት ገመዶች 22 ዓመት ሆኗቸዋል። የሁለቱ ዋጋ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። የምንጓዘው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን። ለጊዜው ቅዳሜና እሁድ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሥራ ትተን አንድ ዓመት ልንወጣ አስበናል። እሱ ትልቁን ካየ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። የኔ ልብ ትንሿ ላይ ነው። እስቲ ፍረዱን።

ነፋስ አባራሪ፦ ትልቁ፣ ምን ጥያቄ አለው! ዓመት ሙሉ በ8.5 ሜትር ውስጥ ሁለት ሰው? አንዱ ሻይ ሲያፈላ ሌላው አልጋ ላይ መውጣቱ ነው። ሦስት ቀን ዝናብ ከዘጋባችሁ ጉዞው ቀርቶ ትዳሩ ነው የሚፈተነው። ደግሞ ረጅም ጀልባ ይፈጥናል።

ሒሳብ ወዳድ፦ መፍጠኑንስ ይፈጥናል፣ ግን በስንት? ውሃው ላይ የሚያርፈውን ርዝመት በሜትር ውሰድ። ስኩዌር ሩቱን በ2.43 አባዛው። ጀልባው ራሱ የሚያነሣው ማዕበል ሳይዘው የሚደርስበት ፍጥነት በኖት (አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው) ይመጣልሃል። ትንሿ ውሃው ላይ 7 ሜትር ካላት 6.4 ኖት፣ ትልቁ 9 ሜትር ካለው 7.3 ኖት። 100 የባሕር ማይል ሄደህ የምታተርፈው ሁለት ሰዓት አይሞላም።

ክብደቱን ደግሞ እይ። ርዝመቱ የሚበልጠው 30 በመቶ ገደማ ነው፤ ቅርጹ ተመሳሳይ ከሆነ ግን ክብደቱ ከእጥፍ ያልፋል። ወደ ጎንም ወደ ታችም አብሮ ያድጋላ! ሸራው፣ መልሕቁ፣ ሰንሰለቱ፣ ከሥር የሚቀባው ቀለም ሁሉም ይከተላል። የማቆሚያ ኪራይም ብዙ ቦታ የሚቆጠረው በርዝመት ነው።

ነፋስ አባራሪ፦ ማዕበል ሲመጣ የሚያድንህ ያ ክብደት ነው። ያኔ ስኩዌር ሩትህን አምጣልኝ።

አሮጌ መልሕቅ፦ እሱ እንኳ እንደ ጀልባው አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ከእንግሊዝ በሚነሣው የፋስትኔት የባለሸራ ጀልባ ውድድር 303 ጀልባዎች ተነሥተው ማዕበሉ 15 ተወዳዳሪዎችን ገደለ። ከትንንሾቹ ምድብ ጨርሳ የገባችው አሰንት የምትባለው፣ ሞዴሏ ኮንቴሳ 32 የሆነች ጀልባ ብቻ ነበረች፤ ርዝመቷ 10 ሜትር አይሞላም። እንግሊዛዊው መርከበኛ ሮቢን ኖክስ ጆንስተንም በ1969 ብቻውን፣ ሳይቆም ዓለምን ዞሮ የገባው በ9.8 ሜትሯ ሱሃይሊ ነው።

ነፋስ አባራሪ፦ ራስህ ተናገርከው፤ ከምድቧ ጨርሳ የገባችው አንዷ ናት። የቀሩትስ? ደግሞ 9.8 ሜትር 8.5 አይደለም።

አሮጌ መልሕቅ፦ ይሁንልህ። ግን በዚያው ውድድር ሰዎቹ 24 ጀልባ ትተው ወጡ፣ የሰጠሙት 5 ናቸው። ከጀልባው በፊት እጅ የሚሰጠው ሰው ነው።

ሁለት እጅ፦ ስለ ሰው ካነሣችሁ የኔን ስሙ። 11.5 ሜትር ገዝቼ ነበር፤ እኛም ሁለት ነበርን። የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ጓደኛዬን ባሕሩ ያዘውና ባልዲ አቅፎ ተኛ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነፋሱ ከ15 ወደ 28 ኖት ዘለለ። ዋናውን ሸራ ማሳጠር አለብኝ። ምሰሶው ጋ ልሂድ ብል መሪ የሚይዝልኝ የለም፤ በራሱ መሪ የሚይዘው አውቶፓይለትም በዚያ ነፋስ አቅጣጫ መጠበቅ አቃተው። በፊት በነበረችኝ ትንሽ ጀልባ አምስት ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ሸራው ሲወናጨፍ በገመድ የተላጠው ጣቴ እስካሁን ምልክት አለው። ከዚያ ወዲያ ሦስተኛ ሰው ካልተገኘ አንወጣም አልን። ሦስተኛ ሰው ስንፈልግ ወቅቱ አለቀ። ያን ያህል ሰፊ ካቢን ይዘን ወደብ ላይ ቡና ስንጠጣ ከረምን።

ስለዚህ እህቴ፣ እሱ ሲታመም አንቺ ብቻሽን የምትቆጣጠሪው የትኛውን ነው? አንቺ ስትታመሚስ እሱ?

ነፋስ አባራሪ፦ ከኮክፒት (መሪው ካለበት መቀመጫ) ሆኖ ሸራ የሚያሳጥሩበት ገመድ ይዘረጋል፣ ገመድ የሚስብ የኤሌክትሪክ ዊንች ይገጠማል።

ሒሳብ ወዳድ፦ በማን ገንዘብ? የ22 ዓመቱ ገመድ ገና አልተቀየረም እኮ! ብዙ መድን ሰጪዎች ከ10 እስከ 15 ዓመት ካለፈው ይቀየር ይላሉ። ዋጋው እኩል የሆነው ትልቁ ርካሽ ሆኖ አይደለም፣ ሒሳቡ ስላልተዘጋ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አሮጌ መልሕቅ፦ የትኛውንም ብትመርጡ ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ገለልተኛ ባለሙያ ይመርምረው። ከጀልባው ሥር ያለውን ማመዛዘኛ ክብደት (ኪሉን) የያዙትን ብሎኖች፣ መሪውን፣ እርጥበት የገባበትን ፋይበርግላስ ይይ። ዴኩ (የጀልባው የላይኛው ወለል) ሲረገጥ ስምጥ የሚል ከሆነ ውስጡ በስብሷል። አዲስ ትራስ አያታልላችሁ፤ ትራስ የሚቀየረው ለሽያጭ ነው።

ጠያቂዋ፦ ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። ሁለቱንም በነፋስ ልንሞክር ነው። መጀመሪያ እሱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ እኔ ብቻዬን ሸራ አሳጥሬ መልሕቅ እጥላለሁ፤ ቀጥሎ ተራው የሱ ነው። የትልቁን ሻጭ ገመዶቹ ተቀይረው ዋጋው ላይ ይታሰብ ብለነው ነበር፤ ሦስት ቀኑ፣ ስልክ አያነሣም።

ነፋስ አባራሪ፦ እሺ። ትንሿን ስትሞክሩ ግን ዝናብ ጠብቁና ሦስት ቀን እደሩባት።