ጥያቄ፦ ለ11ኛ ክፍል ልጄ ስኮላርሺፕና የሰመር ፕሮግራም ከየት ልጀምር?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ ገና አልፎም ቢሆን እንኳን አደረሳችሁ።

በዲቪ ከመጣን ስድስት ዓመታችን ነው፤ ግሪን ካርድ አለን። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፣ እኔ ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው። ትልቋ ልጃችን ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ናት። ሒሳብና ሳይንስ ትወዳለች፣ ውጤቷም ጥሩ ነው። ባለፈው ሳምንት በስሟ ወፍራም ፖስታ መጣ፤ የወርቅ ቀለም ያለው ማኅተም ታትሞበታል። «ከመላ አገሪቱ ተመርጠሻል» ይላል። ገልበጥ ሳደርገው የአሥር ቀን የሰመር ፕሮግራም ነው፣ ዋጋው ከ3,000 ዶላር በላይ። ልጄ በደስታ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ባለቤቴ ደግሞ «ዕቁቡ ሲደርሰን እንክፈልላት» ይላል።

እንዲህ ያለው ነገር ለኮሌጅ መግቢያ ይጠቅማል? ነፃ የሆነስ የለም? ለማይኖሪቲ ተማሪዎች የሚሰጥ ስኮላርሺፕ አለ ሲባልም እሰማለሁ። እኛ ሐበሾች እዚያ ውስጥ እንቆጠራለን? አንድ ፎርም ላይ «ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን» የሚለውን ስትሞላ አባቷ አይቶ «እኛ ኢትዮጵያዊ ነን» ብሎ እራት ሳንበላ አደርን።

የአሌክሳንድሪያ አባት

እህቴ፣ ዕቁቡን አትንኩት!

ከአራት ዓመት በፊት ለልጄ የመጣው ፖስታ ቁርጥ ይኸው ነበር። ማኅተሙም ጭምር። ብርቅ ሆኖብን ከፈልን። ልጁ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ንግግር ሲሰማ ሰንብቶ አንድ ቲሸርትና አንድ የምስክር ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ወረቀቱ ላይ የአያቱ ስም ተሳስቶ ተጽፏል። ኋላ ካውንስለሩን «ይኼ ለኮሌጅ ምን ያህል ይረዳዋል?» ብላት ፈገግ ብላ ዝም አለች። ገባኝ።

አሁን እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጁ ራሱ አመልክቶ፣ ኤሴይ ጽፎ፣ ተወዳድሮ ነው የገባው? ወይስ ሳያመለክት ነው «ተመረጥክ» የተባለው? ሳያመለክቱ የሚመረጡበት ቦታ የሚፈልገው ክሬዲት ካርድህን ነው። «ስኮላርሺፕ እናገኝልሃለን፣ መጀመሪያ ክፈል» የሚልም ያው ነው።

የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ

እትዬ፣ ነፃ አለ። ግን ጊዜው እየሮጠ ስለሆነ ዛሬ ማታ ከልጅዎ ጋር ቁጭ ይበሉ።

ሒሳብና ሳይንስ ከወደደች መጀመሪያ ማይትስን ትሞክር። ኤምአይቲ ከ1974 ጀምሮ የሚያካሂደው ነው፤ አሁን 11ኛ ክፍል ያሉ ልጆች 12ኛ ከመግባታቸው በፊት ባለው ሰመር ስድስት ሳምንት ቦስተን አጠገብ ይቆያሉ። ትምህርቱ፣ ምግቡ፣ ማደሪያው ነፃ ነው። መሄጃና መመለሻውን ቤተሰብ ይችላል። ማመልከቻው የሚዘጋው በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ገደማ ስለሆነ አሁኑኑ ናት። የመምህር ደብዳቤ ስለሚፈልግ ነገ ጠዋት መምህሯን ትጠይቅ፤ ዴድላይኑ ሁለት ቀን ሲቀረው የሚጠየቅ መምህር ደስ አይለውም።

ከዚያ ኩዌስትብሪጅ የሚባል የስኮላርሺፕ ፕሮግራም አለ። እኔም የገባሁት በእሱ ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ነው፤ ለአራት ሰው ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ በዓመት ከ65,000 ዶላር በታች። ሁለት በር አለው። አንዱ ለ11ኛ ክፍል ነው፣ በማርች ይዘጋል። ትልቁ ደግሞ 12ኛ ክፍል ስትገባ ሴፕቴምበር ላይ የምትሞላው ነው። እስከ 15 ኮሌጅ በቅደም ተከተል ትመርጣለች፤ አንዱ ከተቀበላት የአራት ዓመቱን ሙሉ ወጪ ይሸፍናል። እኔ 11ኛ ክፍል ላይ የሚሞላውን ሳላውቅ አምልጦኝ ነበር። እሱን ባታገኝም ትልቁን መሙላት ይቻላል።

ማይትስ ባይሳካ አትዘን፤ የሚያመለክተው ብዙ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ሰመር ራይዝ የሚባል አላቸው። 11ኛና 12ኛ ለሚገቡ ልጆች ነው፤ ሥራ ቦታ ገብተው ሙያ ያያሉ። ሰመሩን ግሮሰሪ ውስጥ የሠራችም ልጅ አታፍርበት፣ ማመልከቻ ላይ ይጻፋል።

ስለ ኤሴይ አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያው ረቂቄ ስለ ዓለም ሰላም ነበር። የእንግሊዝኛ መምህሬ አንብባ «ይኼን ማንም ይጽፈዋል» ብላ መለሰችልኝ። ሁለተኛው ስለ ቤታችን ጠረጴዛ ሆነ። እናቴ ከሥራ ስትመጣ የኢንሹራንሱን፣ የመብራቱንና የኪራዩን ደብዳቤ በሽሮ ድስቱ ዙሪያ ትደረድረዋለች፤ እኔ አንድ በአንድ እተረጉማለሁ። የ12 ዓመት ልጅ ሆኜ «ዲዳክቲብል» ምን እንደሆነ በአማርኛ ለማስረዳት የታገልኩበትን ማታ ጻፍኩ። አሁን ድረስ በአማርኛ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ዝም ብሎ አንባቢ

ተስፋ ለመቁረጥ አይደለም፣ ግን ሐቁ ይነገር። ሱፕሪም ኮርት በ2023 የማይኖሪቲውን ነገር ዘግቶታል። ምን ያደክማችኋል?

ፋይናንሻል ኤድ ቢሮ የምሠራ

አልተዘጋም፣ ቅርጹ ነው የተለወጠው።

በጁን 2023 የተወሰነው ኮሌጆች ተማሪ ሲመርጡ ዘርን እንደ መመዘኛ እንዳይቆጥሩ ነው። ያው ውሳኔ ተማሪው ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን ነገር በኤሴይ ቢጽፍ ኮሌጁ ማንበብ ይችላል ይላል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፕሮግራሞች መመዘኛቸውን ወደ ገቢ ቀይረዋል። ጌትስ ስኮላርሺፕ ለምሳሌ ድሮ ለማይኖሪቲ ብቻ ነበር። አሁን ፔል ግራንት (የፌዴራል መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠው እርዳታ) የሚገባው ተማሪ ሁሉ ማመልከት ይችላል፤ የሚዘጋው ሴፕቴምበር አጋማሽ ነው። ለጥቁር ተማሪዎች የቆመው ሮን ብራውን ስኮላርሺፕ ደግሞ በአራት ዓመት 40,000 ዶላር ይሰጣል፣ እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ ነው። ለሁለቱም ግሪን ካርድ ይበቃል።

ሳጥኑን በተመለከተ፣ እህቴ፣ ልጅሽ ትሙላው። ማንም ማስረጃ አይጠይቃትም። አባቷም አልተሳሳተም፤ ኢትዮጵያዊ ነች፣ ያንን የምትጽፍበት ቦታ አይጠፋም። ግን ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ የሚያያት ሰው ፓስፖርቷን አይጠይቅም።

ሌላ ሳጥን ደግሞ አለ፤ «ከቤተሰብሽ ኮሌጅ የምትገቢ የመጀመሪያዋ ነሽ ወይ?» የሚል። ከአገር ቤት የተገኘ ዲግሪም ይቆጠራል። አባቷ ከአራት ኪሎ ተመርቆ አሁን ኡበር ቢነዳም ዲግሪ አለው፤ «የለውም» ብላ እንዳትሞላ። ገቢያችሁ ለብቻው ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው። ወላጆች ትናንሽ ስኮላርሺፕ ሲያሳድዱ ትልቁ ብር ያመልጣቸዋል። ትልቁ ብር ያለው ኮሌጁ ራሱ ጋ፣ ስቴቱ ጋና ፌዴራል መንግሥቱ ጋ ነው። በሩ ፋፍሳ ነው፤ የፌዴራል መንግሥት የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ ለሜሪላንድ እርዳታ ማርች 1 ሳይደርስ ቢሞላ ይሻላል። ፋፍሳ የሚያየው ደግሞ ልጅቷ ኮሌጅ ከመግባቷ ከሁለት ዓመት በፊት ያለውን ታክስ ነው። አስቢው፦ እሷ 11ኛ ክፍል ከሆነች የሚታየው ዘንድሮ እስከ ኤፕሪል የምታስገቡት ታክስ ነው። ባለቤትሽ የነዳበትን ማይል በትክክል መዝግቧል? ካልመዘገበ ወጪው ከገቢው ሳይቀነስለት በወረቀት ላይ ከኪሱ በላይ ሀብታም ይሆናል። ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ዛሬውኑ አነጋግሩት።

የፔል ግራንት ጣሪያ በቅርብ ዓመታት 7,395 ዶላር ነው፣ አይመለስም። የሜሪላንድ ስቴት ሴናተርና ዴሊጌትም ለራሳቸው አካባቢ ተማሪዎች የሚሰጡት ስኮላርሺፕ አላቸው፤ ደውሎ የሚጠይቅ ሐበሻ ግን አላየሁም። ሳይንስ ከወደደች ባልቲሞር አጠገብ ያለው ዩኤምቢሲ የሚባል ዩኒቨርሲቲ በ1988 የተጀመረ ሜየርሆፍ የሚባል ፕሮግራም አለው፤ ፒኤችዲ ለመሥራት ለሚያስቡ ልጆች። መጀመሪያ ለጥቁር ወንዶች ብቻ ነበር፣ አሁን ለሁሉም ክፍት ነው።

«ከውጭ ስኮላርሺፕ ካመጣን ኮሌጁ የራሱን ይቀንስብናል» የሚባለውም እውነትነት አለው። ሜሪላንድ ግን በ2017 የመንግሥት ኮሌጆቿ እንደፈለጉ እንዳይቀንሱ በሕግ ገድባለች፤ ከአገሪቱ የመጀመሪያዋ ናት።

የአሌክሳንድሪያ አባት

አሳይለማቸው ገና ያልተወሰነላቸውስ? እህቴ ቤት ያለችው ልጅ እንደዚያ ነች፤ እነሱ ሜሪላንድ ናቸው።

ፋይናንሻል ኤድ ቢሮ የምሠራ

አሳይለሙ እስኪፈቀድ የፌዴራል ብር የለም፤ ሲፈቀድ ግን አለ። እስከዚያ ሜሪላንድ ፋፍሳ መሙላት ለማይችሉ ልጆች የራሱ ማመልከቻ አለው። መስፈርቱን ታሟላ እንደሆነ ካውንስለሯን ትጠይቅ። የግል ኮሌጆችንም በየኮሌጁ ይጠይቁ፤ ከራሳቸው ኪስ የሚረዱ አሉ።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ፖስታውን ባለቤቴ ራሱ ቀደደው። ልጄ የሒሳብ መምህሯን ጠይቃ «እሺ» ብሏታል። ታክስ የሚሠራልን ልጅ ግን ማይሉን ጨርሶ አላስገባውም ነበር። ባለፈው ዓመትም እንደዚያው!

ፋፍሳ እስኪከፈት እንድንዘጋጅ ብላ ልጄ አካውንት ልትከፍትልን ሞከረች። የራሷን ከፈተች፤ የእኔ ግን እምቢ አለ። ኢሜይሉና ስልኩ ተይዟል ይላል። ያው የእኔን ነው ለሷም ያስገባነው።

ፋይናንሻል ኤድ ቢሮ የምሠራ

ከአሥር ሐበሻ ቤተሰብ ዘጠኙ እዚያው ላይ ነው የሚቆመው። አንቺም እሷም ለየብቻ ኢሜይልና ለየብቻ ስልክ ያስፈልጋችኋል። እሷ አካውንቷ ውስጥ ገብታ የራሷን ስልክና ኢሜይል ትተካ፤ የትምህርት ቤት ኢሜይሏን ግን አታስገባ፣ ስትመረቅ ይዘጋባታል። ያንቺ ሲለቀቅ እንደገና ሞክሪ። ታክስ ለየብቻ የምታስገቡ ከሆነ ባለቤትሽም የራሱን ይክፈት።