የዋንድስወርዝ ካውንስል ምርጫ ውጤት፦ በድምፅ የበለጠ ፓርቲ እንዴት በወንበር ያንሳል?

ጥያቄ፦ ከአዲስ መራጭ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው በደቡብ ምዕራብ ለንደን፣ በዋንድስወርዝ ቦሮ (ማለትም የለንደን ወረዳ) ነው። የብሪታንያ ዜግነት ያገኘሁት በቅርቡ ስለሆነ በካውንስል፣ ማለትም በቦሮው ምክር ቤት፣ ምርጫ ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም፤ ከመምረጤ በፊት የምኖርበት አካባቢ እስከ ዛሬ እንዴት እንደመረጠ ማወቅ አለብኝ ብዬ ያለፉትን ውጤቶች መመልከት ጀመርኩ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግራ ያጋባኝ የ2018 ውጤት ነው። በዚያ ዓመት በመላው ቦሮ የተሰጠው ድምፅ ሲደመር ሌበር ፓርቲ ከወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ በጥቂቱ ይበልጣል። ወንበሩ ሲቆጠር ግን ወግ አጥባቂዎቹ 33፣ ሌበር 26፣ አንድ የግል ተወዳዳሪ ደግሞ 1 አግኝተው ካውንስሉ በወግ አጥባቂዎቹ እጅ ቀርቷል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሜይ 5 ቀን 2022 በተደረገው ምርጫ፣ ሌበር 35፣ ወግ አጥባቂዎቹ 22፣ የግል ተወዳዳሪው 1 ወንበር አገኙና ከ1978 ጀምሮ የዘለቀው የወግ አጥባቂዎቹ አስተዳደር አበቃ። በድምፅ የበለጠ ፓርቲ በወንበር ሊያንስ የሚችለው በምን አሠራር ነው? ደግሞስ በአንድ ወረቀት እስከ ሦስት ሰው መምረጥ ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ አንድ ሰው ብቻ ብመርጥ ድምፄ ይሰረዝብኛል ወይ? በመጨረሻም፣ ካውንስሉ ከአንድ ፓርቲ ወደ ሌላው መዞሩ ለነዋሪው ምን እንደሚለውጥ የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ከባልሃም ነዋሪ

ውድ ጠያቂ፣ ለመራጭነት እንኳን አበቃዎ። በቦሮ ደረጃ ተደምሮ የሚወጣው ድምፅ ለዜና ያገለግላል እንጂ ለማንም ወንበር አይሰጥም። ዋንድስወርዝ በ2018 በ20 ቀጠናዎች፣ እዚህ ዋርድ በምንላቸው፣ የተከፋፈለ ነበር፤ እያንዳንዱ ዋርድ ሦስት ሦስት የካውንስል አባላት ስለሚመርጥ ወንበሩ በጠቅላላ 60 ነበር። በየዋርዱ ከፍተኛ ድምፅ ያገኙት ሦስት ዕጩዎች ያልፋሉ። ለተሸነፉት የተሰጠው ድምፅ ወደ ሌላ ዋርድ አይሻገርም፤ አሸናፊው ከሚያስፈልገው በላይ ያገኘው ትርፍ ድምፅም ለጎረቤት ዋርድ ዕጩ አይጠቅመውም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይቀላል። ሦስት ዋርዶች አሉ እንበል። በሁለቱ ውስጥ የአንደኛው ፓርቲ ዕጩዎች እያንዳንዳቸው 2,000፣ የሁለተኛው ፓርቲ ዕጩዎች 1,900 ድምፅ አገኙ። በሦስተኛው ዋርድ ደግሞ ሁለተኛው ፓርቲ 3,000፣ አንደኛው 1,000 አገኘ። ከየዋርዱ የአንድ የአንድ ዕጩ ድምፅ ብቻ ይዘን ስንደምር ሁለተኛው ፓርቲ 6,800፣ አንደኛው 5,000 ድምፅ ይኖረዋል ማለት ነው፤ ወንበሩ ግን ለአንደኛው 6፣ ለሁለተኛው 3 ነው። በ2018 በቦሯችን የሆነውም በመሠረቱ ይኸው ነው። የሌበር ድምፅ በቱቲንግ ዙሪያ፣ በተለይ እንደ ግሬቭኒና ፈርዝዳውን ባሉ ዋርዶች፣ ከሚያስፈልገው በላይ ተከማችቶ ነበር፤ ወግ አጥባቂዎቹ ግን ፉክክሩ ጠባብ በሆነባቸው ዋርዶች በትንሽ ልዩነት ማሸነፍ ችለዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። መራጩ እስከ ሦስት ድምፅ ስላለው፣ የአንድን ፓርቲ ድምፅ ለመደመር ከአንድ በላይ ዘዴ አለ፤ አንዳንዱ የሁሉንም ዕጩዎች ድምፅ ይደምራል፣ ሌላው በየዋርዱ የፓርቲውን ቀዳሚ ዕጩ ብቻ ይወስዳል። የ2018ቱን ያህል በጠበበ ልዩነት ላይ የስሌቱ ዘዴ ራሱ ለውጥ ስለሚያመጣ፣ የቦሮውን ድምር ሲያነቡ በየትኛው ዘዴ እንደተሠራ መመልከት ተገቢ ነው።

በግል አስተያየቴ ይህ አሠራር የትኛውንም ፓርቲ ቢጠቅም መራጩን ይበድላል። በ2022 በሌላው የለንደን ቦሮ በሉዊሻም ሌበር 54ቱንም ወንበሮች ጠቅልሎ ሲወስድ፣ ለሌሎች ፓርቲዎች ድምፅ የሰጡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች በምክር ቤቱ አንድም ተወካይ አላገኙም። በዚያው ዕለት በሪችመንድ ቦሮ ሊበራል ዴሞክራቶች 48፣ አረንጓዴዎቹ 5 ወንበር ሲይዙ ለወግ አጥባቂዎቹ የደረሳቸው 1 ብቻ ነበር። ተቃዋሚ የሌለበት ምክር ቤት በጀቱን ማን አጥብቆ ይጠይቀዋል? በስኮትላንድ ከ2007 ጀምሮ የካውንስል መራጮች ዕጩዎችን በቅደም ተከተል በቁጥር እየመረጡ፣ ወንበሩም ለድምፁ በሚቀርብ መጠን ይከፋፈላል፤ እንግሊዝም ይህን ብትከተል ምኞቴ ነው።

መልስ፦ ከድምፅ ቆጣሪ

ስለ ሦስቱ ድምፆች ለጠየቁት እኔ ልመልስ፤ በሌላ የለንደን ቦሮ በምርጫ ምሽት በቆጠራ ሥራ ላይ ተሰማርቼ ስለማውቅ ጉዳዩን በቅርብ አይቼዋለሁ።

አንድ ሰው ብቻ ቢመርጡ ድምፅዎ ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል። የሚሰረዘው ከተፈቀደው በላይ ምልክት ያለበት ወረቀት ነው። ደግሞም ከ2022 ወዲህ በዋንድስወርዝ ሁሉም ዋርድ ባለ ሦስት ወንበር አይደለም፤ ወሰኖቹ ተከልሰው 22 ዋርዶችና 58 ወንበሮች ስለሆኑ፣ አንዳንዱ ዋርድ የሚመርጠው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ስንት መምረጥ እንደሚችሉ በወረቀቱ አናት ላይ ተጽፎ ያገኙታል፤ እባክዎ እሱን ሳያነቡ ምልክት አያድርጉ።

የምርጫ ጣቢያዎች ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ ላይ ሲዘጉ ሳጥኖቹ ታሽገው ወደ ቆጠራው አዳራሽ ይመጣሉ። መጀመሪያ ማን ስንት አገኘ ተብሎ አይታይም፤ በሳጥኑ ውስጥ የተገኘው ወረቀት ጣቢያው ሰጠሁ ብሎ ከመዘገበው ጋር መመሳከሩ ይረጋገጣል። ከዚያ በኋላ ሦስቱም ድምፅ ለአንድ ፓርቲ ዕጩዎች የተሰጠባቸው ወረቀቶች ለብቻ ተለይተው ይታሰራሉ፤ እነሱን መቁጠር ፈጣን ነው። ጊዜ የሚወስደው የተደባለቀው ክምር ነው። አንድ ለዚህ ፓርቲ፣ አንድ ለዚያ፣ ወይም አንድ ብቻ የተመረጠበት ወረቀት አንድ በአንድ ይነበባል፤ አንደኛው ቆጣሪ ስሙን ሲጠራ ሁለተኛው በትልቅ ሰንጠረዥ ላይ በየዕጩው አንጻር ጭረት ያደርጋል፤ የዕጩዎቹ ወኪሎች ከጠረጴዛው ማዶ ቆመው እያንዳንዱን ጭረት በዓይናቸው ይከተላሉ። አጠራጣሪ ወረቀት ሲያጋጥም ወደ ምርጫ ኃላፊው ይሄዳል። የመስቀል ምልክት ባይሆንም የመራጩ ፍላጎት በግልጽ ከታየ ይቆጠራል፤ ባዶ የሆነ ወይም መራጩ ማን እንደሆነ የሚያሳውቅ ጽሑፍ ያለበት ግን ውድቅ ይደረጋል።

በጠባብ ዋርድ ውስጥ ውጤቱን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ያ የተደባለቀ ክምር ነው። በዋንድስወርዝ ማልኮም ግሪምስተን በዌስት ሂል ዋርድ በ2018ም ሆነ በ2022 ከፓርቲ ውጭ ቆመው ሊያሸንፉ የቻሉት፣ ቀሪውን ድምፃቸውን ለፓርቲዎች ዕጩዎች የሰጡ ሰዎች ጭምር ስለመረጧቸው ነው። ሁለት ዕጩዎች ለመጨረሻው ወንበር እኩል ድምፅ ካገኙ ደግሞ በሕጉ መሠረት ዕጣ ይወጣል። በ2017 በኖርዘምበርላንድ ካውንስል፣ በሳውዝ ብላይዝ ዋርድ እንዲህ ሆነ፤ ዕጣው ለሊበራል ዴሞክራቱ ዕጩ ወጣና ከ67ቱ ወንበሮች 34 ያስፈልጋቸው የነበሩት ወግ አጥባቂዎች በ33 ቀሩ። አንዲት ድምፅ ምን ዋጋ አላት ለሚሉ ሰዎች ይህን ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ።

መልስ፦ ከቦሮው የቆየ ነዋሪ

ከላይ የተሰጡት ማብራሪያዎች ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን አሠራሩ ብቻውን የ2022ቱን ውጤት አይገልጸውም። አንዳንድ ጋዜጦች ድንገተኛ አስመስለው አቅርበውት ነበር፤ የተከታታይ ምርጫዎቹን ቁጥር ላስተዋለ ግን ድንገተኛ አልነበረም። ወግ አጥባቂዎቹ በ2006 51 ወንበር ነበራቸው፤ በ2010 47፣ በ2014 41፣ በ2018 33፣ በ2022 ደግሞ 22 ሆነ። ሌበር በአንጻሩ ከ9 ተነሥቶ በ13፣ በ19 እና በ26 አልፎ 35 ደረሰ። በፓርላማም ቢሆን ባተርሲ በ2017፣ ፐትኒ በ2019 ወደ ሌበር ዞረው፣ ከነባሩ ቱቲንግ ጋር ሦስቱም የቦሮው የፓርላማ ወንበሮች በሌበር እጅ ገብተው ነበር። በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ የቦሮው መራጭ 75 በመቶ የሚሆነው በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ እንቆይ ብሎ ድምፅ መስጠቱን፣ ምርጫው ሊደረግ ሳምንታት ሲቀሩት ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን የኮሮና ገደብ በመጣሳቸው በፖሊስ መቀጣታቸውን ስንጨምርበት ነገሩ ይበልጥ ይገባናል።

ይሁን እንጂ ሁሉን በአገር አቀፍ ፖለቲካ መተርጎም ያሳስታል። በዚያው ሌሊት ሌሎቹ የለንደን ቦሮዎች ዌስትሚንስተርና ባርኔት ወደ ሌበር ሲዞሩ፣ የሃሮው ቦሮ ከሌበር ወደ ወግ አጥባቂዎቹ ዞሯል። ዋንድስወርዝ ራሱ የአካባቢ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚከብድ በ1990 አሳይቷል። ወግ አጥባቂዎቹ በ1986 ካውንስሉን የያዙት በ31 ለ30 ብቻ ነበር፤ ፖል ታክስ የተባለው በነፍስ ወከፍ የሚከፈል የአካባቢ ግብር በመላው አገሪቱ ቁጣ በቀሰቀሰበት በ1990 ግን፣ እዚህ ለአንድ ሰው 148 ፓውንድ ብቻ፣ ማለትም ከብዙዎቹ ካውንስሎች እጅግ ባነሰ መጠን ስለተመኑት፣ ፓርቲያቸው በሌላ ቦታ ሲሸነፍ እነሱ 48 ለ13 አሸነፉ። ዝቅተኛ ግብር ከዚያ ወዲህ የቦሮው መታወቂያ ሆነ። ሌበርም ወደ 2022 ምርጫ የገባው ካውንስል ታክሱን፣ ማለትም ነዋሪው ለካውንስሉ የሚከፍለውን የቤት ግብር፣ ዝቅተኛ እንደሆነ አቆያለሁ ብሎ ቃል በመግባት ነው፤ ይህ ቃል ባይኖር ኖሮ ማሸነፉን እጠራጠራለሁ።

አስተዳደሩ ቢቀየር ምን ይለወጣል ላሉት፣ ካውንስል እንደፈለገ የሚያዝበት ገንዘብ ሰው እንደሚያስበው ብዙ አይደለም። የአረጋውያንና የሕፃናት እንክብካቤ በሕግ የተጣለበት ግዴታ ሆኖ የበጀቱን ትልቁን ክፍል ይወስዳል፤ ካውንስል ታክስም ቢሆን ከ2023 ጀምሮ በዓመት 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ለመጨመር በአብዛኛው የነዋሪውን ሕዝበ ውሳኔ ይጠይቃል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በመኖሪያ ቤትና በግንባታ ፈቃድ ላይ ነው። በቀድሞው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ቦታ፣ በባተርሲ ፓወር ስቴሽን፣ በተካሄደው ግንባታ፣ በመጀመሪያው ዕቅድ በተመጣጣኝ ዋጋ ሊቀርቡ የታሰቡት ቤቶች 636 ነበሩ፤ በ2017 ካውንስሉ ወደ 386 ዝቅ እንዲሉ ፈቀደ። ለዓመታት ቤት ለሚጠብቁ ቤተሰቦች 250 ቤት ማለት ምን እንደሆነ በዚህ ቦሮ የምንኖር ሐበሾች እናውቀዋለን። እንዲህ ያለውን ውሳኔ የሚሰጡት የመረጥናቸው፣ ወይም ሳንመርጥ የቀረናቸው፣ የካውንስል አባላት ናቸው። በካውንስል ምርጫ ከአሥር ሰው ስድስቱ እቤቱ መቅረቱ ዘወትር የሚያሳዝነኝም ለዚህ ነው።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የ2018ቱ ነገር አሁን ግልጽ ሆነልኝ፤ የራሴንም ዋርድ ውጤት ለይቼ አየሁት። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይፈቀድልኝ። እናቴ አብረውኝ ይኖራሉ፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖራቸውም ዜግነታቸው ኢትዮጵያዊ ነው። ኬንያዊቷ ጎረቤታችን የብሪታንያ ዜግነት ሳይኖራት እንደምትመርጥ ነግራናለች፤ እናቴም ይችሉ ይሆን? ለእኔስ የኢትዮጵያ ፓስፖርቴ በምርጫ ጣቢያው ይበቃኛል?

መልስ፦ ከባልሃም ነዋሪ

እናትዎ፣ ዕድሜ ይስጥልኝና፣ በእንግሊዝ ሕግ መምረጥ አይችሉም። ጎረቤትዎ የነገረቻችሁ ግን እውነት ነው፤ ኬንያ የኮመንዌልዝ፣ ማለትም በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች የሆኑ አገሮች ማኅበር፣ አባል ስለሆነች ዜጎቿ በሕጋዊ ፈቃድ እስከኖሩ ድረስ ይመርጣሉ። ኢትዮጵያም ኤርትራም አባል ስላልሆኑ የእኛ ሰው ዜግነት እስኪያገኝ መጠበቅ አለበት። በስኮትላንድና በዌልስ ግን በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር የማንኛውም አገር ዜጋ በካውንስል ምርጫ ይሳተፋል፤ ካውንስል ታክስ ከሁሉም ሰው እየተሰበሰበ በእንግሊዝ ድምፁ ለጥቂቱ ብቻ መሰጠቱ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ያም ሆኖ እናትዎ የዋርዱ ነዋሪ ስለሆኑ፣ መረጧቸውም አልመረጧቸውም፣ የዋርዳችሁ የካውንስል አባላት ችግራቸውን ሰምተው የመከታተል ኃላፊነት አለባቸው፤ አባላቱ ነዋሪዎችን የሚቀበሉበትን ቀን ከካውንስሉ ድረ ገጽ ያገኙታል።

እርስዎን በተመለከተ፣ ከ2023 ጀምሮ በምርጫ ጣቢያ ፎቶ ያለው መታወቂያ ማሳየት ግዴታ ሆኗል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ተቀባይነት ካላቸው መታወቂያዎች ውስጥ አይገባም። የብሪታንያ ፓስፖርት ገና ካላወጡ የብሪታንያ መንጃ ፈቃድዎ ይበቃል፤ እሱም ከሌለዎት መንግሥት በነፃ የሚሰጠውን የመራጭ ማረጋገጫ ወረቀት ያመልክቱ፤ የማመልከቻው ጊዜ ከምርጫው ስድስት የሥራ ቀን አስቀድሞ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከሁሉ በፊት ግን ስምዎ በመራጮች መዝገብ ላይ መግባት ስላለበት፣ ምዝገባውን ቢያንስ 12 የሥራ ቀን ሲቀረው ይጨርሱ። ዜግነት ማግኘትዎ ብቻውን ስምዎን መዝገቡ ውስጥ አያስገባም፤ ራስዎ ማመልከት አለብዎት።